ክብ ያልሆነ ሳንቲምና አንድ በአንድ የሚከፍለው መሣሪያ፦ የቅርጽ፣ የልክና የወጪ ነገር

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2017 የብሪታንያ መንግሥት ከ1983 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ክቡን የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ባለአሥራ ሁለት ጎን በሆነ ሳንቲም መተካት በጀመረ ጊዜ፣ የሕዝቡ ዓይን ያረፈው በአዲሱ ሳንቲም መልክ፣ በሁለቱ ማዕድናት ኅብርና በጀርባው በተቀረጹት አራት ዕፀዋት ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ከመልኩ ይልቅ ዐቢይ የሆነው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም በባቡር ጣቢያው፣ በአውቶሞቢል ማቆሚያው፣ በልብስ ማጠቢያው ቤትና በመጫወቻው አዳራሽ ቆመው፣ ማንም ሳያያቸው ከክምር መካከል አንድ ሳንቲም ብቻ ለይተው መልስ የሚሰጡት መሣሪያዎች፣ ማዕዘን ያለውን ነገር እንደ ክቡ አድርገው በታማኝነት ሊቈጥሩት ይችላሉን የሚል ነው።

ጥያቄው የጥቂት ባለሙያዎች ጭንቀት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን መልስ የሚሰጥ መሣሪያ በገዢና በሻጭ መካከል ቆሞ የሚፈርድ ስለሆነ፣ አንድ ሳንቲም ቢያጐድል ገዢው ይበደላል፣ አንድ ሳንቲም ቢያተርፍ ባለንብረቱ ይጐዳል፣ በመካከል ቢሰነቀር ደግሞ ሁለቱም ያለ ፍርድ ይመለሳሉ። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሐተታ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ የሳንቲሙ ቅርጽ በሥራው ላይ ምን እንደሚያመጣ፣ ለውጥ ሲመጣ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅና ወደፊትም ምን ሊሆን እንደሚችል በተራ ይመረምራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከመቀበል መክፈል የሚከብድበት ምክንያት

ሳንቲም የሚቀበል መሣሪያ እጅግ ጥንታዊ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሄሮን ዘእስክንድርያ፣ ባለአምስት ድራክማ ሳንቲም ሲጣልበት በቤተ ጣዖት ለመንጻት የሚያገለግል ውሃ የሚቀዳ መሣሪያ በመጽሐፉ ገልጾ ይገኛል፤ ሳንቲሙ በክብደቱ የሚዛኑን ክንድ ይጫናል፣ ክንዱ ሲያዘነብል የውሃው መክደኛ ይከፈታል፣ ሳንቲሙ ተንሸራትቶ ሲወድቅም መክደኛው ተመልሶ ይዘጋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ክብደቱ እንጂ የሳንቲሙ ቅርጽ አይጠየቅም፤ ሰው በእጁ አንድ በአንድ ስለሚጥለውም አንዱን ከሌላው የመለየቱ ድካም በሰውየው ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አይወድቅም።

መልስ የሚሰጠው መሣሪያ ግን ድካሙን ሁሉ ራሱ ይሸከማል። ከፊቱ ያለው ክምር ነው፤ በክምሩ ውስጥ አንዳንዱ ሳንቲም ተኝቷል፣ አንዳንዱ ቆሟል፣ አንዳንዱም በሌላው ላይ ተደግፏል። ከዚህ ሥርዓት አልባ ሁኔታ ሦስት ነገሮችን ማውጣት ይጠበቅበታል፤ መጀመሪያ አንዱን ከብዙዎቹ መለየት፣ ሁለተኛ የተለየውን ያለ እንቅፋት ወደ መውጫው ማሳለፍ፣ ሦስተኛም ማለፉን አረጋግጦ መቍጠር። የጸሎተኛ ጣት መቍጠሪያውን ሲያሳልፍ እያንዳንዷን ፍሬ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚነካ፣ መሣሪያውም እያንዳንዱን ሳንቲም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ብቻ ሊነካ ይገባዋል። ሳንቲም ተቀባዩ የተጠራጠረውን ወደ ሰውየው መልሶ መገላገል ሲችል፣ ከፋዩ ግን ተጠራጥሮ የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ የመክፈል ጥበብ ከመቀበል ጥበብ ይልቅ የከበደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ የአከፋፈል ሥርዓቶች

በሥራ ላይ ካሉት ሥርዓቶች ቀላሉ የቱቦው ሥርዓት ነው። ሳንቲሞቹ በቀጥታ በቆመ ቱቦ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከሥር ያለው ገፊ ብረት ወደ ፊት ሲሄድ የታችኛውን ሳንቲም ብቻ ገፍቶ ያወጣል፤ ወደ ኋላ ሲመለስም የቀሩት በክብደታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። እዚህ ላይ የሚፈርደው ልክ ውፍረት ነው። ገፊው ብረት ከአንዱ ሳንቲም ውፍረት ጥቂት መሳሳት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ሁለተኛውን ይነካል። የመውጫው ክፍተት ደግሞ ከአንድ ሳንቲም ውፍረት በልጦ ከሁለቱ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ወይ አንዱም አይወጣም፣ ወይ ሁለት በአንድነት ይወጣሉ። ሳንቲሙ ክብ ቢሆን ወይም ማዕዘን ቢኖረው፣ ቱቦው ሰፊውን ወገኑን እስከ ያዘና ሳንቲሙ ተኝቶ እስከ ወረደ ድረስ፣ ይህ ሥርዓት ቅርጽን በትዕግሥት የሚችል ነው። ጕድለቱ ብዙ ሳንቲም አለመያዙና የሚሞላውን ሁሉ አስቀድሞ ተስተካክሎ እንዲመጣለት መፈለጉ ነው።

ሁለተኛው የገንዳው ሥርዓት ሲሆን፣ ብዙ መልስ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። ሳንቲሞቹ ያለ ሥርዓት በገንዳ ውስጥ ይፈስሳሉ፤ በገንዳው ሥር ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ሳህን በሞተር ይሽከረከራል፤ በሚዞርበት ጊዜ ሳንቲሞቹ ወደ ቀዳዳዎቹ ይወድቃሉ፤ ሳህኑም እያንዳንዱን ይዞ ከክምሩ ሥር ወደ መውጫው ያደርሰዋል። በመውጫው አፍ ላይ በሞላ የተያዙ ጣቶች አሉ፤ ሳንቲሙ እነርሱን ገፍቶ ሲያልፍ ሞላው ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ እርሱም በአሸንዳው ወርዶ የብርሃን ጨረር ሲያቋርጥ ይቈጠራል። መቁጠሪያው የታዘዘውን ቍጥር ሲያገኝ ሞተሩ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ለክብ ሳንቲም ሲሆን የልኩ ነገር ግልጽ ነው፤ ክብ በየትኛውም ወገን ቢያርፍ ስፋቱ አንድ ነውና ቀዳዳውም፣ መውጫውም፣ ሞላውም በአንድ ልክ ይሠራሉ። ክብ ያልሆነ ሳንቲም ሲመጣ ግን አራት ዓይነት ችግር ይከተላል። አንደኛ፣ ቀዳዳው የሚሠራው በሰፊው ወገን ልክ ስለሆነ፣ በጠባቡ ወገን በኩል ትርፍ ቦታ ይቀራል፤ በዚያ ትርፍ ቦታ የሌላ ሳንቲም ጠርዝ ገብቶ ይሰነቀራል። ሁለተኛ፣ ቀጥ ያሉ ጎኖች እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ሳንቲሞቹ ተያይዘው በገንዳው ውስጥ እንደ ቅስት ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ባዶ ሆኖ ሳህኑ ያለ ፍሬ ይሽከረከራል። ሦስተኛ፣ ጣቶቹ አንድ ጊዜ ብዙ፣ አንድ ጊዜ ጥቂት ስለሚገፉ የሚያስፈነጥሩበት ኃይል ይለዋወጣል፤ ሳንቲሙ በጨረሩ ፊት የሚያልፍበት ጊዜም አብሮ ይለያያል። አራተኛ፣ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ ሳንቲም ከሆነ፣ የአንዱ ጕብታ በሌላው ስርጕድ ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ተጠላልፈው ይዞራሉ።

መሣሪያ ሠሪዎች ለእነዚህ ችግሮች መድኃኒት አላጡም። ሞተሩ ሲከብደው ራሱን አውቆ ወደ ኋላ ጥቂት እንዲዞርና የተሰነቀረውን እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ በገንዳው ውስጥ ክምሩን የሚያማስል ክንድ ይጨምራሉ፤ የቀዳዳውን ከንፈር ያለሰልሳሉ፤ አንዳንዶቹም ሳህኑን ትተው ሳንቲሙን አንድ በአንድ እያነሣ በሚወጣ ቀበቶ ይጠቀማሉ። ዳሩ ግን እያንዳንዱ መድኃኒት ዋጋ፣ ክፍልና ጥገና የሚጨምር ስለሆነ፣ ከሁሉ የተሻለው ችግሩ ገና በሳንቲሙ አፈጣጠር ላይ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ይህም እንደሚቻል ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራ ምስክር አለን።

የሰባቱ ጎን ብልሃት

ብሪታንያ ገንዘቧን ወደ አሥር አቈጣጠር ለመለወጥ በምትዘጋጅበት ጊዜ፣ የአሥር ሽልንግ ወረቀት በሃምሳ ፔንስ ሳንቲም እንዲተካ ተወስኖ ነበር። ክብ ሳንቲም ቢሆን በመጠኑ ከነበሩት ታላላቅ ሳንቲሞች ጋር ይምታታል፤ ማዕዘን ያለው ቢሆን ደግሞ በመሣሪያ ውስጥ አይንከባለልም ተብሎ ተፈራ። ከዚህ ጭንቀት ያወጣው የአሥር አቈጣጠሩ ቦርድ አባል የነበረው መሐንዲሱ ሂው ኮንዌይ ሲሆን፣ ያቀረበውም ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ በለስላሳው የተቀሰቱ ሰባት ጎን ሳንቲም ነበር። ሳንቲሙ ኦክቶበር 14 ቀን 1969 ወጣ፤ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ባለሰባት ጎን ሳንቲምም ሆነ።

የብልሃቱ ምሥጢር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጎን በፊት ለፊቱ ካለው ማዕዘን ተነሥቶ የተሳለ የክብ ቅስት ነው፤ ስለዚህ ከማንኛውም ማዕዘን እስከ ትይዩው ጎን ያለው ርቀት የትም ቢለካ አንድ ነው። ሳንቲሙን በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል አስገብቶ ቢያዞሩት ብረቶቹ ሳይሰፉም ሳይጠቡም ይኖራሉ። ይህን ጠባይ የያዙ ቅርጾች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመናዊው መሐንዲስ በፍራንትስ ሩሎ ስም ታወቁ፤ ፈረንሳዊው ባርቢየም በ1860 ስፋታቸው አንድ የሆነ እንዲህ ያሉ ቅርጾች ሁሉ፣ ክቡም ሳይቀር፣ የዙሪያቸው ርዝመት እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ዛሬ ስፋቱ 27.3 ሚሊሜትር የሆነው የሃምሳ ፔንስ ሳንቲም ዙሪያው እንደ እኩያው ክብ 86 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ለዓይንና ለጣት ሰባት ማዕዘን ሆኖ ሲታይ፣ ለመሣሪያው ግን በስፋቱ ክብ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ቀደም ብለን ከዘረዘርናቸው ችግሮች ዋና ዋናዎቹን ያቀልላል። በመለያው ሐዲድ ላይ ሲንከባለል መካከሉ ቢወዛወዝም ራሱ ከፍም ዝቅም ስለማይል በስፋት የሚለየው በር አይሳሳትም፤ በመውጫው ጣቶች መካከል በየትኛውም ወገን ቢገባ እኩል ይገፋቸዋል፤ ጎኖቹ ቅስት ስለሆኑም ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ተጣብቀው አይገጥሙም። ባለሃያ ፔንሱ ሳንቲም በ1982 ሲወጣ በዚሁ ቅርጽ፣ በ21.4 ሚሊሜትር ስፋት ተሠራ፤ ካናዳም በ1987 የአንድ ዶላር ሳንቲሟን በተቀሰቱ አሥራ አንድ ጎኖች፣ በ26.5 ሚሊሜትር ስፋት አወጣች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን በእጃቸው የሚይዙት የኤምሬቶቹ ሃምሳ ፍልስም ከ1995 ጀምሮ ሰባት ጎን ነው።

የሃምሳ ፔንሱን ሳንቲም ቅርጽ የብሪታንያ ሕዝብ በእልልታ አልተቀበለውም፤ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል የሰባቱን ጎን ሳንቲም የሚቃወም ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹ ተቀበሉት፤ ሳንቲሙም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1997 ሳንቲሙ ከ30 ወደ 27.3 ሚሊሜትር ባነሰ ጊዜ ግን ቅርጹ ሳይለወጥ መሣሪያዎቹ ሁሉ እንደገና መስተካከል አስፈለጋቸው። ከዚህም መሣሪያን የሚያስቸግረው የቅርጽ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የልክ ለውጥ ሁሉ እንደሆነ እንረዳለን።

የአሥራ ሁለቱ ጎን ስምምነት

የጎኖቹ ቍጥር ጎዶሎ ሲሆን ማዕዘን ከጎን ጋር ይፋጠጣል፤ ቍጥሩ ሙሉ ሲሆን ግን ማዕዘን ከማዕዘን፣ ጎን ከጎን ጋር ስለሚፋጠጥ፣ የሰባቱ ጎን ብልሃት አይሠራለትም። አሥራ ሁለት ጎን ያለው ሳንቲም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 23.43 ሚሊሜትር ቢሆንና ማዕዘኖቹ ሹል ቢሆኑ፣ ከጎን እስከ ጎን 22.63 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ልዩነቱ 0.8 ሚሊሜትር ነው። የፓውንዱ ሠሪዎች ማዕዘኖቹን በማለስለስ ይህን ልዩነት አሳንሰውታል፤ ፈጽመው ግን አላጠፉትም።

ታዲያ ሰባቱን ትተው አሥራ ሁለቱን ለምን መረጡ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው የሐሰተኛ ገንዘብ ነገር ነው፤ ክቡ ፓውንድ በመጨረሻ ዘመኑ ከሠላሳው አንዱ ያህል ሐሰተኛ ነው ተብሎ ስለ ተገመተ፣ መንግሥት በማርች 2014 አዲስ ሳንቲም እንደሚወጣ ሲያስታውቅ የጸጥታ ምልክቶቹን ብዛት ዋና ምክንያት አድርጎ ነበር። ሁለተኛው በእጅ የመለየት ነገር ነው፤ ሁለት የሰባት ጎን ሳንቲሞች አስቀድመው ስላሉ፣ ሦስተኛ ቢጨመር ለዓይነ ስውሩና በጨለማ ለሚቈጥረው ሰው ግራ ያጋባል። ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ከ1937 እስከ 1971 ባለአሥራ ሁለት ጎን የሦስት ፔንስ ነሐስ ሳንቲም በአገሩ ይሠራበት ነበር። በዚህ ላይ አሥራ ሁለት ጎን ከእርሱ ከሚያንሱት ሙሉ ቍጥሮች ይልቅ ወደ ክብ የቀረበ ስለሆነ፣ ከመሣሪያው ጋር ያለው ጠብ ሊታረቅ የሚችል ነበር።

የሦስት ፔንሱ ታሪክ ራሱ ለዚህ ነገር ትልቅ ትምህርት ይዟል። ሳንቲሙ በሚታሰብበት ዘመን የመሸጫ መሣሪያ ባለቤቶች ስስ ሳንቲም ለመሣሪያቸው እንደማይስማማ ስላመለከቱ ወፍራም ሆኖ፣ በ2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ተሠራ፤ ለሙከራ ያህልም የንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ መልክ ያለባቸው ጥቂት ሳንቲሞች ለመሣሪያ ሠሪዎች ተሰጡ። ንጉሡ በዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ስለ ለቀቀ እነዚያ ሳንቲሞች ሕጋዊ ገንዘብ ሳይሆኑ ቀሩ፤ ያልተመለሱት ጥቂቶቹም ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ናቸው። ለአዲሱ ፓውንድም የንጉሣዊው ገንዘብ ማተሚያ ቤት በዚያው ልማድ ሄዶ፣ ሳንቲሙ ገና ሳይወጣ ለመሣሪያ ባለቤቶች የመሞከሪያ ሳንቲሞችን ሰጥቷል። ምክክሩ በሁለቱም ዘመን አስቀድሞ መጥቷል፤ ሥራው የተቃናውም በዚህ ነው።

ምክክሩ ግን ድካሙን አላስቀረውም። ክቡ ፓውንድ 22.5 ሚሊሜትር ስፋትና 3.15 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ አዲሱ 23.43 ሚሊሜትር ስፋትና 2.8 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በአሮጌው ልክ የተሠራ ቱቦና ቀዳዳ አዲሱን አይቀበልም። ገፊ ብረቱ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው እንበል፤ ለአሮጌው ሳንቲም ትክክል የነበረው ይህ ብረት፣ በአዲሱ ሳንቲም ላይ በ0.2 ሚሊሜትር አልፎ ሁለተኛውን ሳንቲም ይነካል። 100 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ቱቦ ከአሮጌው 31 ሲይዝ ከአዲሱ 35 ይይዛል፤ ስለዚህ ቱቦው የያዘውን ገንዘብ በከፍታ የሚገምት መሣሪያ ሒሳቡን እንደገና መማር አለበት። አሮጌው ሳንቲም እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 2017 ሕጋዊ ሆኖ ስለ ቆየም፣ ከስድስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ መሣሪያው ሁለቱን እየተቀበለ አንዱን ብቻ እንዲመልስ ግድ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ገንዳ ቢቀላቀሉ የአንዱ ልክ ለሌላው እንቅፋት ነውና።

ጥቅሙ ለማን፣ ወጪው በማን

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያሉት ወገኖች አምስት ናቸው። የገንዘብ ሚኒስቴርና ማተሚያ ቤቱ ሐሰተኛውን ለማጥፋትና የመንግሥትን ገንዘብ ክብር ለመጠበቅ ይሻሉ፤ ጥቅሙ የመላው አገር ስለሆነም ሥልጣኑ የእነርሱ ነው። መሣሪያ ሠሪዎች ከለውጡ ሥራ ያገኛሉ፤ ለሚሰነቀር መሣሪያ ስማቸውን የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። የመሣሪያ ባለቤቶች ወጪውን ይሸከማሉ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ መሣሪያ ያለው ድርጅት ወጪውን በብዛት ሲያካፍለው፣ ሁለትና ሦስት መሣሪያ ያለው ትንሽ ነጋዴ ለጥገና ባለሙያው መንገድ ጭምር ይከፍላል። ተጠቃሚው ሕዝብ ከሐሰተኛ ገንዘብ ይድናል፤ በሽግግሩ ዘመን ግን ያለ መልስ የሚቀረው እርሱ ነው። ዓይነ ስውራንና ዓይናቸው የደከመ ሰዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ማዕዘን ጌጥ ሳይሆን የሚነበብ ፊደል ስለሆነ፣ መሣሪያ ይቸገራል ተብሎ ሳንቲም ሁሉ ክብ ይሁን ቢባል ቀድመው የሚበደሉት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ሚዛኑ ከዚህ ላይ ነው። የሳንቲሙ ልዩ ቅርጽ ለሰው እጅ የሚሰጠው ትሩፋት ለመሣሪያው ሸክም ሊሆን ይችላል፤ የሰባቱ ጎን ሳንቲም የሚያስመሰግነው ትሩፋቱን ይዞ ሸክሙን በማቅለሉ ነው። ባለሃያ ሳንቲሙ የዩሮ ገንዘብ በሌላ መንገድ ሄዶ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ሞክሯል፤ ዙሪያው ክብ ሆኖ በጠርዙ ላይ ሰባት ጎድጓዶች ብቻ ስላሉት፣ ለመሣሪያው ክብ፣ ለጣት ግን የተለየ ሆኖ ይገኛል።

በአገራችንም የቅርጽ ነገር እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1936 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተቀረጸበት የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ ሽልንግ ከሚባለው ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተከርክሞ እንዲወጣ ተደርጓል። በዚያ ጊዜ የተጠየቀው የሰው ዓይንና እጅ እንጂ መሣሪያ አልነበረም፤ ስለዚህ መከርከሙ ብቻውን በቂ መፍትሔ ነበር። መሣሪያ በበዛበት ዘመን የሚወጣ ሳንቲም ግን ሁለት ዳኞች አሉበት፤ ሰውም መሣሪያም ይፈርዱበታል።

ወደፊት ሊሆን የሚችለው

የነገሩ ፍጻሜ በሦስት መንገድ ሊታሰብ ይችላል። የመጀመሪያው ሳንቲም ከዕለት ኑሮ ወጥቶ መሣሪያውም አብሮት የሚያርፍበት መንገድ ነው። ለዚህ ምልክቶች አሉ፤ በብሪታንያ በ2017፣ አዲሱ ፓውንድ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ የባንክ ካርድ ጥሬ ገንዘብን በክፍያ ብዛት በልጧል፤ በ2023ም በጥሬ ገንዘብ የተፈጸመው ክፍያ ከጠቅላላው 12 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ የመሣሪያ ባለቤቶች ቱቦና ገንዳቸውን ከማሳደስ ይልቅ ነቅለው የካርድ መቀበያ ይተክላሉ፤ የሳንቲም ለውጥ ራሱ ይህን ውሳኔ ያፋጥነዋል፤ የጥገናው ወጪ በመጣበት ቀን ባለቤቱ ስለ ሁሉም ነገር እንደገና ያስባልና።

ሁለተኛው ጥሬ ገንዘብ እየቀነሰ ግን ሳይጠፋ የሚኖርበት መንገድ ነው። በ2023 የወጣው የብሪታንያ የገንዘብ አገልግሎቶች ሕግ ሕዝቡ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበትን ዕድል እንዲጠበቅለት ደንግጓል፤ ሽማግሌዎች፣ ድሆችና ካርድ የሌላቸው ሰዎች በሳንቲም ይኖራሉና። በዚህ መንገድ የመሣሪያዎቹ ቍጥር ቢያንስም የቀሩት ኃላፊነት ይከብዳል፤ አንዱ ሲሰነቀር በአጠገቡ ሌላ አይገኝምና። እንግዲህ የሚፈለገው ብዙ ልክ የሚችል፣ በአንድ ገንዳ ልዩ ልዩ ሳንቲም የሚያስተናግድ፣ ለውጥ ሲመጣም ክፍሉን ሳይሆን ትእዛዙን ብቻ በማደስ የሚስተካከል መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው ማተሚያ ቤቶች ሐሰተኛውን ለማሸነፍ በየጊዜው አዲስ ቅርጽና አዲስ ልክ የሚያወጡበት መንገድ ነው። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ የመሣሪያውን ባለቤት ወደ መጀመሪያው መንገድ ስለሚገፋው፣ ገንዘቡን ለማስከበር የተደረገው ድካም ገንዘቡን ከመሣሪያው ያስወጣዋል። መንግሥታት ይህን ስለሚያውቁ ልክን ሳይነኩ መልክን ብቻ መለወጥ ይመርጣሉ፤ የንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ መልክ ያለባቸው አዲሶቹ የብሪታንያ ሳንቲሞች ቅርጻቸውም ልካቸውም እንደ ቀድሞው የሆነው በዚህ ጥበብ ነው።

ከሦስቱ መካከል ሁለተኛው ይበልጥ የሚመስል ሆኖ ይታየናል፤ በቦታው ልዩነት ግን የመጀመሪያው በከተሞች እየበረታ ይሄዳል። ሦስተኛው ሊሆን የሚችለው ሐሰተኛ ገንዘብ እንደገና ከልክ አልፎ ሲበዛ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመረው ሁሉ የሚያሳየው፣ ክብ አለመሆን በራሱ የመሣሪያ ጠላት አለመሆኑን ነው። የተቀሰቱት ሰባት ጎኖች ከ1969 ጀምሮ በመሣሪያ ሲከፈሉ ኖረዋል፤ አሥራ ሁለቱ ጎኖችም ከባድ ቢሆኑ በሦስት ዓመት ማስታወቂያና በመሞከሪያ ሳንቲሞች ረዳትነት ሥራቸውን ጀምረዋል። ጠላቱ ያልተመከረበት ልክ ነው፤ ማለትም ሳንቲሙን የሚቀርጸው አንድ ወገን፣ መሣሪያውን የሚሠራው ሌላ ወገን፣ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ሆኖ፣ ሦስቱ ሳይነጋገሩ የሚወጣ ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ወደፊት አዲስ ሳንቲም ሊያወጣ የሚያስብ ማንኛውም አገር፣ የእኛም አገር ጭምር፣ ሦስት ነገሮችን ቢጠብቅ ይበጀዋል። ለዓይነ ስውሩ ሲል የተለየ ቅርጽ ቢመርጥ ጎዶሎ ቍጥር ያላቸውን የተቀሰቱ ጎኖች ይምረጥ፤ ስፋቱንና ውፍረቱን ከነበሩት ሳንቲሞች አራርቆ ከወሰነ በኋላ ለብዙ ዘመን አይለውጠው፤ ሳንቲሙም ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት በመሣሪያ ባለቤቶች እጅ፣ በተለይም በትንሾቹ ነጋዴዎች እጅ ይሞከር። የሳንቲም ክብር በላዩ በተቀረጸው መልክ ብቻ አይጠበቅም፤ መሣሪያው ሳይሳሳት አንድ በአንድ ቈጥሮ ሲከፍለውም ይጠበቃል።